አውራ ጣቱን ሽቅብ

ከሳን ወንዝ ግራና ቀኝ አኻያ ነው የሚዘራ፤
እህል አይደል፣ ልምጭ ነው የዚህች የፖላንድ ከተማ አዝመራ።
ክረምት ላይ ያጭዱታል፣ በበርሜል ይቀቅሉታል፣
ቅርፊቱን በመንታ ብረት ላጥ ላጥ ያደርጉታል።
የእንፋሎቱ ሽታ መራራ ነው፤
እኔ ፋርማሲ ድረስ ይመጣል፣ ጋዋኔ ላይ ያድራል።

ቦጉስዋቭ ቅርጫት ሠሪ ነው። ስልሳ ሰባት ዓመቱ።
ልምጩን በጥርሱ ይዞ ነው የሚያጥፈው፣ እንዳባቱ።
ሲገባ ይሳለቅብኛል፦ "ሉድሚዋ፣ እኔ የምጥለውን ልጣጭ
አንቺ በብር ወረቀት አሽገሽ ልትሸጭ!"
እውነቱን ነው፣ ግማሹን።
አያቶቹ ቅርፊት ያፈሉ ነበር፣ ብርድ ብርድ ሲላቸው፣
ቁርጥማት ጉልበታቸውን ሲቆረጥማቸው።
በኋላ ሰዎች በብልቃጥ አገላበጡት፣
ጨጓራ እንዳያነድ አለዘቡት፤
ጨርሰው ግን አላስተኙት።

መጋቢት ላይ፣ አንድ ሌሊት፣
ደረቱ ላይ ሰው የተቀመጠ መሰለው፤
ግራ ክንዱ ደነዘዘ፣ ላብ አጠመቀው።
ሚስቱ ቴክላ ስልክ አነሣች። ከወዲያ ያለው ድምፅ፦
"አምቡላንስ ወጥቷል። አስፕሪን የማይስማማው ነው? የሚደማ ነገር አለው?"
"የለውም።"
"እንግዲያው አንዷን ፍሬ ያኝካት። አይዋጣት፣ ያኝካት።"
ኋላ፣ ያን ሁሉ ጭንቅ ትቶ ጣዕሙን ነው የነገረኝ፦
"የእኛው መራራ ነው፤ ያንቺ ኮምጣጣ ሆነብኝ።"

እኔም እንዲህ አልኩት፦
በደምህ ውስጥ ቅርጫት ሠሪዎች አሉ፣ ጥቃቅን፣ የማይታዩ፣
ሸምነው የሚደፍኑ፣ ቀዳዳ ባዩ።
ጣትህ ሲቆረጥ፣ ሥራቸው መልካም ነው፤
የልብህ በር ላይ ሲጎነጉኑ፣ ሞት ነው።
ኮምጣጣዋ እጃቸውን ትይዛለች፣
"ለዛሬ ይብቃችሁ" ትላለች።
የትኛው ቀዳዳ ላይ እንደሆኑ ግን አትለይም።

ትንሿ ታዘዘችለት፣ በቀን አንድ፣ ከቁርስ በኋላ።
ገና ሲቃረብ ትእዛዝ በዛ፣ ወገቡ ተንጋደደ።
ዐርብ ነበር፣ ሰልፉ እስከ በር።
"ለወገቤ ጠንከር ያለ" አለኝ። ሰጠሁት።
ሌላ ምን ትወስዳለህ አላልኩትም።
ትንሿን በየወሩ የምሸጥለት እኔው አይደለሁ?
ማወቅ ሌላ፣ ማስታወስ ሌላ።
ትንሿ ላይ ትልቋ፣ ትልቋ ላይ የማታ ቮድካ፤
በሦስተኛው ሳምንት ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቆረ።
"ቀይ ሥር በልቼ ነው" ብሎ ቴክላን ዋሸ።
ወለል ላይ ተዘርሮ አገኘችው፣ ግማሽ ቅርጫት እንዳቀፈ።

ሁለት ከረጢት ደም ሰጡት። ተረፈ።
ከዚያ ወዲህ ሰልፉ ቢያጉረመርም አልሰማም፦
ጨጓራህን ያምሃል? ደም ማቅጠኛ ትወስዳለህ? አስም አለብህ?
"ለልጄ ትኩሳት" ያለችኝን ወጣት እናት እንቢ አልኳት፤
ጉንፋን ያተኮሰው ልጅ በዚህ ሳቢያ
አንጎሉና ጉበቱ ሊጎዳ ይችላል፣ ሌላ አለኝ፣ እሱን ውሰጂ።
"ባሌ ጤነኛ ነው፣ ለመከላከያ ነው" የምትለዋን ወደ ሐኪም እልካለሁ።
ልብስ ሰፊው ሚዬችስዋቭ ይሰድበኛል፦
"ኪኒን ልግዛ ብል ንስሐ ታስገባኛለች!"

ቦጉስዋቭን ሐኪሟ ትንሿን አላስተወችውም፤
የጨጓራ መከላከያ ጨመረችለት፣ ትልቋን ከለከለችው፤
ቮድካውን እሱ ይወቀው።

ትናንት በደጁ ሳልፍ ቢላዋ አውራ ጣቱን ጨልፎታል።
ድሮ አንዴ ሲልሰው የሚቆመው ደም
አሁን ጊዜውን ይወስዳል።
ልምጩ ጉልበቱ ላይ ነው፤ ውሃው ሳይደርቅ መታጠፍ አለበት፤
እሱ ግን ተቀምጧል፣ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሽቅብ ቀጥ አድርጎ፣
ስብሰባ ላይ የመናገር ዕድል እንደሚለምን ሰው።
"ምን ትጠብቃለህ?" አልኩት።
"ሠራተኞቹን" አለ። "ሰነፍ አድርገሽብኛል።"