ሰም አቅላጩ

አርባ ዓመት ሙሉ ማንደጃ ታቅፌ፣
ከሰሙ ጋር ቀልጬ፣ በግማሽ ተርፌ፣
በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ከጽሕፈት ቤት ጓዳ፣
ፊደል ሳልለይ ኖርሁ፣ ሳትም የሰው ዕዳ።

ትልቁ ንጉሥ ሞተ፤ ደወል ተደወለ፤
የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዙፋን ላይ ዋለ።
እግሩ ወለል አይነካ፤ በርጩማ ቀረበ፤
በርጩማ ላልሞላው ሌላ ሰው ታሰበ።

እንደራሴ አሉት። ቃሉ ግን ሲፈታ፣
«እንደ» ወጥታ ሄደች፤ «ራሴ» ቀረ ማታ።

ጠዋት ለድሃው ሰው አንጀት ተቆርቋሪ፣
ከሰዓት በገዳም ድንጋይ አዳራሽ ሠሪ፤
«አጥሩ ይፍረስ» ሲል ገበሬው አመነ፤
መዶሻ ያነሣ ቀን መልሱ ጦር ሆነ።
ንጉሥ አይከሰስም፤ ሕፃንማ ምን ያውቃል፤
በመሐል የቆመው በሁለቱም ይምላል።

አዋጁ የሚወጣው በልጁ ስም ነበር፣
በእኔ ሰም ነበር።
ስሙም አያውቅ፣ ሰሙም አያውቅ፣
ምን እንደተባለ።

አንድ ንጋት መጣ፣ ካባውን ጎትቶ፣
ካስተማሪዎቹ፣ ከጠባቂ ሸሽቶ፤
አፍንጫው በርዶታል፤ ያስላል።
«ኦስበርት» አለኝ፣ «ትናንት ምን አዘዝኩ?»
ብራናው በእጄ ነው፤ እኔም አላነበብኩ።
እሱ ላቲን ያውቃል፣ ግሪክ ይተረጉማል፤
የገዛ ትእዛዙን ከማን አፍ ይሰማል?
እኔ ይዤዋለሁ፣ ፊደሉ አይገባኝም፤
እሱ ይገባዋል፣ ብራናው አይደርሰውም።

ከትኩሱ ሰም ላይ ቁራሽ ቆነጠርኩለት፤
ቀይ ፈረስ ወጣው፤ ሦስት እግር ሠራለት።
«አራተኛው ነገ» ብሎኝ በሩጫ አለፈ፤
እንደራሴው ሰማ፤ ደጁ ተቆለፈ።
ፈረሱ ከመስኮቱ ጥግ፣ ግድግዳ ተደገፈ።

በሐምሌ ከኖርፎክ የስም ዝርዝር መጣ፤
አጥር አፍራሽ ሁሉ፣ ለገመድ የወጣ።
ፊደል አላውቅም አልኩ፤ አንዲት ቃል ግን አውቃለሁ፤
ከጭልፋዬ እጀታ ተቀርጻ አይቻለሁ፤
«ትሬድጎልድ» ትላለች፤ የአባቴ ስም ነች።
ሰባተኛው መስመር ላይ ቁጭ ብላለች።
ዊልኪን ነው፣ የወንድሜ ልጅ፤
በግ ሲሸልት የሚያፏጭ፣
ፉጨቱን ጀምሮ የማይጨርስ።
እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሰሙ አልተንቀጠቀጠም፤
ሞቀ፣ ተዘረጋ፤ ስም ከስም አልመረጠም።

አተምኩት።

ቅጠሉ ሲረግፍ መኳንንት አደሙ፤
ትናንት ያሞገሱት ዛሬ ከፋ ስሙ።
እንደራሴው ልጁን ከአልጋው አንሥቶ፣
በሌሊት ጋለበ፣ እንደ ጋሻ አንግቶ፤
ሕፃኑ በፈረስ፣ አራት እግር ባለው፣
ወዴት እንደሚሄድ ማንም ሳይነግረው።
እኔም በዚያች ሌሊት ሁለት ብራና አተምኩ፤
አንዱ «ጠብቁት» ይላል፣ አንዱ «ያዙት» ሲሉ ሰማሁ።
ሁለቱም በልጁ ስም።

ከዚያ ሁለት ክረምት። የአንገቱ ብራና ደረሰ።
ሰም የለም፤ ከባልቲክ የሚመጣው መርከብ
በበረዶ ተይዟል አሉ።
ጸሐፊው ጠረጴዛ ይደበድባል፤ «ቶሎ በል፣ አንተ ሽማግሌ!»
መስኮቱን አየሁ።
አቧራውን በእጅጌዬ ጠርጌ
ድስቱ ውስጥ አስገባሁት።
ጆሮው ቀድሞ ቀለጠ።
ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ስለ ዊልኪን። አላለኝም።

አዲሱ ሰው መጣ። ጓንቱን አውልቆ
እጁን በማንደጃዬ አሞቀ፤
«ሌላ ሰም ይምጣ» አለ፤ «ብዙ የሚታተም አለ።»

ከደጁ ማዶ ሳል፤ በቁልፍ ቀዳዳ፣
«ዛሬስ ምን አዘዝኩ?»
ዝም አልን፤ እኔና ጓዳ።