ጎሚስታው ሹሩባ ሲሠራ

ጋሸና ላይ ነፋሱ ከሰው ይቀድማል፤
ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ምስማር ይፈትናል።
የጀሪካኑ ውኃ አፉ ተሳስሯል፣
ሌሊት የወረደ ውርጭ መስታወት ሠርቶበታል።
ዙሪያሽ ማታ ሄዳ እስካሁን አልመጣች፤
ጤና ጣቢያው ሲደውል እራቷን ትታ ወጣች፣
«ምጥ ቀጠሮ አያውቅም» ብላ ጫማዋን አጠለቀች።

እኔ ቀረሁ እንግዲህ፣
ከሁለት ልጅ ጋራ፣ ከአንድ ፔርሙስ ሻይ ጋራ፣
አንድ እግሩ ከጠፋ የሙሔ ካልሲ ጋራ።

ሙሔ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከሱሪ ጋር ጠብ አለው፤
አንድ እግሩን ሳስገባ ሌላውን ወጥቶ ነው የማገኘው።
«ነፋስ የት ነው የሚተኛ?» ይለኛል ተንጋሎ።
«ደላንታ» አልኩት ለመገላገል፤ «ቤት አለው?» አለኝ ቶሎ።
ቤት የለውም፣ ልጄ፤ ለዚያ ነው የኛን የሚያንኳኳው።
ዝም አለ። በሩን አየ። «ክፈትለት፤ ብርድ ልብሴን ላካፍለው።»

ዘምዘም ግን ስድስት ሞልቷታል፤ ዕዳዋን ታውቃለች፤
ማበጠሪያውን አቀብላኝ ጀርባዋን ሰጠችኝ።
«መምህርት ብርቄ ዛሬ ፀጉር ታያለች።
ትችላለህ?» አለችኝ።
እችላለሁ አልኳት። እጄን አየሁት፦
ከመነዳሪ ሲልጥ የኖረ፣ ማስቲሽ ያደረቀው፣
የአይሱዙን ቡሎን በአንድ ትንፋሽ የሚያወልቀው፣
የተሳቢው ሾፌር ሁሉ በስም የሚያውቀው፣
ሦስት ዘለላ ፀጉር መያዝ አቃተው።
ግራውን ስጨብጥ ቀኙ ያመልጠኛል፤
ቅባቱን አብዝቼ ጣቴን ያሟልጨኛል።
«አመመኝ፣ አባ» ትላለች፤ «ጨረስኩ» እላለሁ፣ አልጨረስኩም፤
ለአንድም ጎማ በሕይወቴ እንዲህ ተጠንቅቄ አላውቅም።

ሲያልቅ መስታወቱን ሰጠኋት።
አንዱ ጉንጉን ወደ ላልይበላ፣ አንዱ ወደ ወልድያ፣
ሦስተኛው ወደ ደብረ ታቦር፤ አናቷ ላይ መገንጠያ።
አላለቀሰችም። እሱ ነው የከበደኝ።
ሻርፕ አንሥታ ሸፈነችው፤ «ምንም አይል፣ አብሽር» አለችኝ።

በአስፋልቱ ዳር ወረድን፣ ሙሔ ጀርባዬ ላይ ታዝሎ፣
አንድ እግሩ ባዶ፣ በጋቢዬ ጫፍ ተጠቅልሎ።
ጭጋጉ ውስጥ አንዲት ሴት መጣች፣
እግሯን እንደ ተዋሰችው ዕቃ እየጎተተች።
ሙሔ ቀድሞ አወቃት፤ ጀርባዬ ላይ ዘለለ፣
መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር፣
«ማታ የማን እናት ነበርሽ?» አለ።

ዙሪያሽ ቆመች። መልስ ነበራት፣ ዋጠችው።
(ኋላ ነው የነገረችኝ፦ ከገረገራ በቃሬዛ የመጣች፣
መንታ። አንዱ ወዲያው አለቀሰ።
ሌላው ቆየ። ቆየ። ከዚያ አለቀሰ።)
ሙሔን ተቀበለችኝ፣ ባዶ እግሩን ብብቷ ውስጥ ከተተች፤
ከዚያ የዘምዘምን ሻርፕ በአንድ እጇ ገለጥ አደረገች፤
ሳቅ መጣባት፣ በከንፈሯ ነክሳ ያዘች።
«ማን ሠራሽ?»
           «አባ።»
እኔ መንገዱን አየሁ፣ መኪና የሚመጣ ይመስል።
የሚታጠፍ ጣቷን፣ ገና ሳሙና ሳሙና የሚለውን፣
ሌሊቱን ሙሉ የሰው ልጅ ሲቀበል ያደረውን፣
በአንዱ ጉንጉን ላይ አስኬደችው፤ ቀስ እያለ ተጓዘ፣
ላልይበላ ደርሶ ዞረ፣ ወልድያ ዳር ላይ ፈዘዘ።
ትፈታዋለች ብዬ ጠበቅሁ።
«እንዲሁ ይዋል» አለች። «ይህን የመሰለ ማን አለው።»
ዘምዘም ሻርፗን አጠፈች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤
ሦስቱንም መንገድ አናቷ ላይ ይዛ
ወደ ደወሉ ሮጠች።

ሱቄ ስደርስ አንድ አይሱዙ ጎማው ተኝቶ ጠበቀኝ።
ሾፌሩ እጁን እያሟሟቀ፣ «የት ጠፋህ?» ብሎ ተቆጣኝ።
«ሹሩባ ስሠራ» አልኩት። አየኝና አላመነኝ።
ክሪኩን ላነሣ ጎንበስ ስል፣ ቁልፍ ፍለጋ ኪሴ ስገባ፣
እጄ የነካው ለስላሳ ነገር፦
የሙሔ ካልሲ።