ሦስት ነጥብ

ሐሙስ ከሰዓት ነው። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ
መስኮቱን ይልሳል፣ ደጃችንን ለምዶ።
መብራት መጥቷልና ስካነሩ ሞቋል፤
ሳይጠፋ እንድረስበት፣ አሥራ ሁለት ልጅ ቆሟል።

«ጣት በምራቅ ነክሮ ገጽ መግለጥ ክልክል ነው፤
ብዕር በር ላይ ይቅር፣ እርሳስ ነው የሚገባው።
ማስመሪያ አጋድሙ ከገጹ ጠርዝ ጎን፣
ሩቅ ሆኖ የሚያየው እንዳይስት ልኩን።
ያያችሁት ይጻፍ። የጠረጠራችሁት
በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ታስሮ ይቀመጥ፣ አትፍቱት።
‹ቀኑ አልታወቀም› ማለት አያሳፍርም፤
የሚያሳፍር ነገር፣ ሳያውቁ መፈረም።»

እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ።
እኔው።

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው
ከሰኞ ገበያ፣ ከሚፈርስ ሱቅ የወጣ መዝገብ ነው፤
ቆዳው የጠነዛ፣ ጥጉን አይጥ የቀመሰው፣
ጣሪያ ያፈሰሰው ውሃ ዳሩን ሻይ ያስመሰለው።
ቅጹን ቀድሜ ሞላሁት፣ ምሳሌ እንዲሆናቸው፦
ቋንቋ፦ ዐረብኛ።
ይዘት፦ ሃይማኖታዊ።
ሁኔታ፦ በየገጹ የቀለም ፍንጣቂ አለበት።
አንዱንም በቅንፍ አላሰርኩት።

እንድሪስ እጀ ፈጣን ነው። በኮምፒውተሩ ብሩሽ
ፍንጣቂውን ለቀመ፣ ከጤፍ እንክርዳድ እንደሚለቅም።
«ዝንብ የጣለችው ነው» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።
«አጽዳው» አልኩት።
አሥራ አንድ ገጽ አጸዳ፤
አምሮ ወጣ፣ ለበዓል እንደታጠበ ሸማ።

ቶይባ ከኋላ ነበረች።
ከገራዶ እየተመላለሰች የምትማር፣
ስሟ ሲጠራ «አቤት» የምትለው ለጉልበቷ።
ወደ ማያ ገጹ ተጠጋች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣
ቁርኣን ቤት ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ።
«መምህር፣ ይሄ ዐረብኛ አይደለም።
ፊደሉ ነው የእነሱ። ቃሉ የኛ ነው።»

አነበበችው፦
የሐይቁ አበጋዝ፣ ሰባት አሞሌ ጨው፣ አልከፈለም።
መሪጌታ ውብነህ፣ ለልጃቸው ሰርግ አቡጀዲ አሥር ክንድ፤
ግማሹን በማር ከፈሉ፣ ግማሹ ለጥቅምት።
የእመት ዘውዴ ዕዳ፣ ስለ ሞተች ተትቷል፤
የበቅሎዋ ኮርቻ ግን እኔ ዘንድ አለ።

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።
«ዐረብ ‹ጨ› የለውም» አለች፣ ጣቷን ሳታስነካ እያሳየች፤
«እሱ ደግሞ ያለ ‹ጨ› ጨው መሸጥ አልሆነለትም።
ስለዚህ ፊደሉ ራስ ላይ ሦስት ነጥብ ጣለ።
እነዚህ ናቸው።»

እንድሪስ እጁን ከማውሱ አነሳ፣
ትኩስ ድስት እንደነካ።
ያጸዳነው አሥራ አንዱ ገጽ
ጨው አልነበረበትም።

ከታች ባጃጅ ጡሩንባ ነፋ። ማንም ዞር አላለም።
ደግነቱ መዝገቡ አለ፣ ከነዝንቡ፣ ከነነጥቡ፤
ከገጽ አንድ ጀመርን፣ መብራቱን እየለመንን።

«የተሰረዙትስ?» አለ እንድሪስ፣ አሁን እየፈራ፤
«እዚህ ስም አለ፣ በቀጭን መስመር የተሰረዘ።
ስህተት ብለን እንግለጸው?»
ጋሽ እሸቴ፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያዥ፣
ጨለማ መጣ ሊሉን በሩን ገፋ አድርገው ነበር፦
«አባቴ ባለ ሱቅ ነበር። የተሰረዘ የከፈለ ነው።
ነጋዴ ስም አይደመስስም፣ ልጄ፤
መክፈሉ እንዲታይለት ነው
ስሙ እየተነበበ መስመር የሚሰመርበት።»

ቅጼን ሳብኩ። ላጲሱ እጄ ላይ ነበር፤
መልሼ ኪሴ ከተትኩት።
«ዐረብኛ» ያልኩትን በአንድ ቀጭን መስመር
ሰረዝኩት፣ እንዲነበብ ትቼ።
ከጎኑ፦ አማርኛ፣ በዐረብ ፊደል።
ከሥሩ፦ አራሚ፣ ቶይባ ሙህዬ፣ ሁለተኛ ዓመት።

ቀን የሚለው ቦታ ላይ ቀኑን ጻፍኩ።
ቀኑ ታውቋል።