አሥራ ሁለት ቮልት

ኮምፒውተሩ ሞቶ፣ ከትምህርት ቤቱ ጓዳ፣
«ወስደህ ጣለው» ብለው ሰጡኝ እንደ ዕዳ።
ብሎኑን ስፈታ፣ ሆዱን ስበረብር፣
አንድ አካል ተገኘ ያልደረሰ ለቀብር፤
ጡብ የሚያህል ቆርቆሮ፣ ባንድ ጎኑ ወንፊት፣
ጀርባው ላይ የተለጠፈ የልጆች የካርቱን ፊት፣
ካፉ የተዘረገፈ የሽቦ አንጀት፣
ቢጫ፣ ቀይ፣ ብርቱካን፣ ጥቁሩ በብዛት።

ልጄ ሄራን አውሮፕላን አላት፣ ከፎም የቀረፀችው፣
ሦስቴ ከዛፍ አውርዳ በፕላስተር ያዳነችው።
ባትሪዋ አምስት ደቂቃ በርራ አንድ ሰዓት ትበላለች፣
የመኪናዬን ባትሪ ስትጠባ ታመሻለች።
አንድ ጠዋት፣ በዊኒፔግ ጥር፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲወርድ፣
መኪናው «እምቢ» አለኝ፤ ሦስት ኪሎሜትር በእግር መንገድ።
ማልኩ፦ ከእንግዲህ መኪናዬ ለማንም ጡት አይሆንም!
የሱቁ ዋጋ ግን ለጽዳት ሠራተኛ አይቀመስም።

ኦረስት፣ ጎረቤቴ፣ የባቡር ድርጅት ጡረተኛ፣
አንድ ጆሮው የማይሰማ፣ ሌላው አኩራፊ ዳኛ፣
ቆርቆሮውን ሳሳየው ከመነጽሩ በላይ አየኝ፤
«ሰካኸው?»
«ሰካሁት።»
«ታዲያስ?»
«ዝም አለኝ።»
ሳቀ። «ካልጠሩት የማይነሣ ሎሌ ነው፤
አረንጓዴውን ከጥቁሩ አገናኝና ስማው።»
አገናኘሁ። ማራገቢያው ጉሮሮውን ጠረገ፣
የስንት ዓመት አቧራ አስነጥሶ ፊቴን አመድ አደረገ።

ቢጫው ላይ መለኪያ አሳረፍኩ፤ አሥራ ሁለት መሆን ሲገባው
አሥራ አንድ ላይ ይዋዥቃል፣ ጠጅ ቤት እንዳደረ ሰው።
ባትሪ መሙያውም ገና ሲነካው አጉረመረመ፣
ሁለቴ ጮኸ፣ መብራቱ ተንተባተበና ጨለመ።
«ተበላሽቷል» አልኩ።
«አልተበላሸም፤ ሥራ ፈትቷል።
ቀዩ መስመር ሸክም ከሌለው ቢጫውን ማን ቀጥ ያደርገዋል?»
ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጠመኔ የመሰለ ሬዚስተር መዘዘ፣
ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ በብየዳ አስያዘ።
«ምን ይሠራል?»
«ምንም። ይሞቃል። መሸከም ነው ሥራው።»
መለኪያውን አየሁት፤ አሥራ ሁለት፤ ዝንፍ አላለ ቁጥሩ ከሥፍራው።

(ሚስቱ ዳሪያ የሞተችው በመስከረም ነበር።
እኔ አላነሣሁም፤ እሱም አላነሣ።
ሬዚስተሩን ብቻ በጣቱ ጫፍ ነካው፣
ሞቆ እንደሆነ።)

«ከፍተህ እንዳትነካው» አለኝ፣ «ከተነቀለም በኋላ ይናከሳል፤
ካፓሲተር ቂመኛ ነው፣ የተቀበለውን ያስቀምጣል።
ባትሪ እየሞላህም ጥለኸው አትሂድ ለመኝታ፣
ሲያብጥ ካየህ ወደ በረዶው! አታብዛ ይሉኝታ።»

ቅዳሜ፣ ሬድ ሪቨር ላይ፣ ውሃው መንገድ ሆኖ ደርቆ፣
ሄራን ባትሪውን ከብብቷ አወጣችው፣ እንደ ዕንቁላል ሞቆ።
አውሮፕላኑ ተነሣ። ድልድዩን፣ የቁራዎቹን ንትርክ አልፎ
ፀሐይዋ ሥር ዞረ፣ ጥላውን በረዶው ላይ አንጥፎ።
ኦረስት አንገቱን አዘነበለ፣ በማይሰማው ጆሮው በኩል፤
«ይሰማኛል» አለ።
ዝም አልን። ምን ይባላል?

ከዚያ ነፋሱ መጣ።
አፍንጫው ከግግሩ ጋር ተላተመ፤ ሁለት ቦታ።
ሄራን አላለቀሰችም። ስብርባሪውን ለቅማ ሰጠችው፣
እሱም ኮቱ ውስጥ ወሸቀው። «ሰኞ ነይ» አላት።
ሰኞ እንደማይደርስ ሦስታችንም እናውቃለን።

ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሣ ጋራዡ በርቷል።
ማራገቢያው ያጉረመርማል፤
በውርጭ በተጋረደው መስታወት፣ በተጠረገችው መዳፍ በምታህል ቀዳዳ፣
ያ የካርቱን ፊት ወደ እኔ ያያል።