ፎጣ አዘጋጅ

ስንሻው፣ ድስት አትግዛ ገና፤ መጀመሪያ እጅህን ታጠብ፤
ከዚያ ደግመህ ታጠብ፤ እንደ ቀዶ ሐኪም አስብ።
ማንኪያው፣ ቱቦው፣ ክዳኑ፣ ጠርሙሱ፣ የጣትህ ጫፍ፣
ቢራውን የሚነካ ሁሉ ይጽዳ፤ እዚህ ላይ የለም ማለፍ።
እኔ ያለፍኩት ዕለት፣ ባልታጠበ ማማሰያ አማስዬ፣
ሃያ ሊትር ኮምጣጤ ጠመቅሁ፣ "ቢራ ነው" ብዬ።
ክቭዬታ ናት ያዳነችው፣ ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤቴ፤
ሥጋ ዘፈዘፈችበት፤ ጥፋቴ ሆነ እራቴ።

ዣቴትስ ሆፕ አብቃይ ናት። ነሐሴ ሲገባ፣
ከረዥም ሽቦ የተንጠለጠለው አረንጓዴ አበባ
ወርዶ፣ ትራክተር ጭኖት ሲያልፍ በደጃፌ፣
ሽታው እስከ ማታ አይወጣም ካፍንጫዬ፣ ካፌ።
በስልክ "ጌሾ ነው" ብዬህ ነበር፤ ዘመዱም አይደለም፤
መረር ማለታቸው ነው እንጂ ሌላ የሚያገናኛቸው የለም።
ብዙ አትጨምር። የጀማሪ እጅ ሁልጊዜ ሰፊ ነው፤
ምላስ ይዞ የማይለቅ ምሬት ነው የምታተርፈው።

ብቅሉን አታልመው፤ ገለባው ይቆይ፣ ፍሬው ብቻ ይሰንጠቅ፤
ዱቄት ካደረግኸው ገንፎ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ማጣሪያ ጠብቅ።
ውሃው ስልሳ ስድስት ዲግሪ፤ ቴርሞሜትር ግዛና ለካው፤
"በክርኔ እሞክረዋለሁ" አትበል፤ ሕፃን አይደለም የምታጥበው።
ሲፈላ ስልክ አታንሣ፤ እኔም ብደውል አታንሣ፤
አረፋው ዞር እስክትል ነው የሚጠብቅህ፣ ሊነሣ።
ምድጃ ላይ ከደረቀማ ቢላም አያስለቅቀው፤
የኔን መጥተህ እይ፣ ጎኑ ዛሬም ቡናማ ነው።
ከዚያ ቶሎ አቀዝቅዝ፦ መታጠቢያ ገንዳ፣ በረዶ፣ ውሃ፤
እርሾን በትኩሱ ከጨመርህ ገደልኸው፤ አያስነሣውም ንስሐ።

አሁን ክደነውና ሂድ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ
ምንም አለመሥራት ነው፤ እሱ ነው የሚያስፈራ።
ክዳኑ ላይ ያለች ቱቦ ቡልቅ ትላለች፣ ደግሞ ቡልቅ፤
አትክፈት፤ የሚሠራ ሰው በር አይንኳኳም፤ ተወው፣ ሥራው ይለቅ።
"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የሚባለው ለእህል ነው፤
ቢራ ከፈሰሰ አይለቀም፤ ወለል ነው የሚጠጣው።

እኔ ግን በአምስተኛው ቀን በየጠርሙሱ ቀዳሁት፤
ስኳሩንም ሳልመዝን በሾርባ ማንኪያ ጨመርሁበት።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ምድር ቤት፣ አንዱ ፈነዳ፤
ሁለተኛው መለሰለት፤ ስብርባሪው ከግድግዳ ግድግዳ።
ክቭዬታ በሌሊት ልብሷ፣ መጥረጊያ እንደ ጦር ይዛ
ወረደች፤ ሌባ ስትጠብቅ፣ አረፋ ቁርጭምጭሚቷን አወዛ።
አልጮኸችም። ከተረፉት አንዱን በፎጣ ጠቅልላ ከፈተች፤ ቀመሰች፤
"ሙዝ ሙዝ ይላል፤ ክፍልህ ሞቋል" ብላ ተመልሳ ተኛች።

ስለዚህ ሦስት ቀን አንድ ቁጥር ካላየህ በሃይድሮሜትር፣
ለጠርሙስ አልደረሰም። ስኳሩም ስድስት ግራም፣ በሚዛን፣ ለሊትር።
ደብተር ያዝ፤ ያበላሸኸውን ከነቀኑ መዝግበው፤
ያማረው ተጠጥቶ ያልቃል፣ የሚያስተምርህ ያ ነው።
(የኔ ደብተር ገጹ ተጣብቋል፤ ግማሹን ማንበብ አልችልም።)

ክቭዬታ ሰማንያ ሁለት ሞላት፤ ደረጃ አትወርድም፤
ብርጭቆዋን ይዤ እወጣለሁ። ትቀምሳለች። አትቸኩልም።
"ጥሩ ነው" ትላለች፣ በመስኮት ውጭ ውጭውን እያየች፤
"ያ የሙዙ ግን…" ትልና፣ ሳትጨርሰው ዝም ትላለች።

የመጀመሪያህን አትድፋ፣ ስንሻው፤ ቢያስጠላህም ቻለው።
አንድ ጠርሙስ አስቀርልኝ፤ ላይፕዚግ በጥቅምት በባቡር እመጣለሁ።
መክፈቻው ከኔ ዘንድ አለ።
አንተ ፎጣ አዘጋጅ።