የሰም ክፍል

ሃደርስፊልድ ከተማ ዝናብ ሥራ አይፈታም፤
የፋብሪካው ጣራ ይቆጥረዋል እንጂ ቆጥሮ አይረታም።
እኔ ሙከራ ክፍል፣ መስታወቱ ደጄ፣
መርፌ እቆጥር ነበር፣ ጆሮዬን ማግጄ።

የምንሠራው ዕቃ ከቡጢ አይተልቅም፣
ትንሽ መንኮራኩር፤ ቆሞ ሲያዩት አያስደንቅም።
ሞተር የተፋውን፣ የጣለውን ጭስ
ከደጅ ጠልፎ ይዞ ወደ ሥራ የሚመልስ።
ቱርቦ ነው ስሙ ባጭሩ። ነጂው ነዳጅ ሲረግጥ
ጥቂት ያመነታል፣ ከዚያ ነው የሚፈረጥጥ።
በእግርና በጉልበት መሀል ያለች ያቺ ክፍተት
ለሌላው ቅጽበት ናት፤ ለተወዳዳሪ ግን ሽንፈት።

ደንከን ብሮድቤንት፣ ከእርሳሱ ጋር የሚያድር፣
«ይቅለል» አለ፣ «ይሳሳ። ክንፉ ስስ ይሁን፣ ወዲያው እንዲበር።»
ሳሳ።
አንደኛው ተሰበረ፣ ዘጠና ሺህ ዙር ላይ፤
ሁለተኛው ጮኸና ሄደ፣ የት እንደገባ ሳናይ።
ሦስተኛውን ከብረቱ ግድግዳ በፒንሳ ነቀልነው፤
አራተኛው... ተዉት፣ እስከ ስምንት ቆጠርነው።
መጥረጊያ ይዤ ነበር ማታ ማታ የማመሸው፤
ስባሪው ከደመወዜ ይበልጣል፣ እኔ ነኝ የማፍሰው።

ከግቢው ማዶ አንድ ዝምተኛ ቤት አለ፣ የሰም ክፍል፤
ብረት ሊሆን ያለው ሁሉ እዚያ ነው በሰም የሚበቅል።
ሰሙ ሸክላ ይለብሳል፣ ሸክላው እሳት ይገባል፣
ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ባዶውን ብረት ይወርሰዋል።
የሚፈሰው ወርቅ አይደለም፣ ኒኬል ነው፤
ኩራቱ ግን ያው ነው።

ኢኒድ ሄግ ናት እዚያ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አንድ ወንበር፤
ሬዲዮው ስለ ክሪኬት ያወራል፣ እሷ ከሰም ጋር።
አንድ ሐሙስ ምሳ ሰዓት፣ በብስኩት ቆርቆሮ አድርጌ
የስምንተኛውን ስባሪ ወሰድሁላት፣ ከወለል ጠርጌ።
እህም አላለች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች፣
አንዱን ወደ መስኮቱ፣ አንዱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።
«ሁሉም የተሰበረው አንድ ቦታ ነው፤ ክንፉ ከእምብርቱ ሲገናኝ።
ማዕዘኑ ሹል ነው፤ ስንጥቅ ማደሪያ ሲሻ እዚያ ነው የሚያገኝ።»
ለደንከን ንገሪው አልኋት።
«ነግሬው ነበር፣ ገና በአራተኛው» አለች፤ «ንድፉን አሳየኝ።»

ከዚያ ዘጠነኛውን ሰም አነሣች፤
አውራ ጣቷን በትንፋሿ አሞቀች፤
በእያንዳንዱ ክንፍ ሥር፣ አሥራ አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብላ ዳበሰች፤
ንድፉ ያላዘዘው፣ ማንም ያልፈረመበት፣
የሰሊጥ ፍሬ የሚያህል ሥጋ ጨመረችበት።

ዘጠና ሺህ። ዝም።
መቶ። ዝም።
መቶ ሠላሳ ላይ ቀላ፣ ከዚያ እንደ ብርቱካን ልጣጭ በራ፤
ደንከን እጁን ከኪሱ አላወጣም፤ እኔ ግድግዳ ይዤ ስፈራ።
ሲበርድ አወጡት፣ ለኩት፣ ከንድፉ ጋር አልገጠመም።
«ይህ ስሕተት ነው» አለ መርማሪው።
ስሕተቱ ግን አልተሰበረም።

በወሩ አዲስ ንድፍ ወጣ፤ በክንፉ ሥር ትንሽ ቅስት፣
አጠገቧ አንድ ቁጥር፣ ከታች የደንከን ፊርማ፣ ቀን፣ ሰዓት።
በበጋ ጥቁሯ መኪና ከመታጠፊያው ስትወጣ
ያቺ ክፍተት ጠበበች፤ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ አጥሩ መጣ።
ኢኒድ አልሄደችም። «ጩኸት አልወድም» አለች።
እኔ ሄጄ ነበር። ጮኬያለሁም።

አንድ ማታ አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ እጇን ለዝናቡ ዘርግታ አየሁት፤
አውራ ጣቷ መስመር የለውም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰም ልሶት።
ትናደጂያለሽ ወይ? ልላት አስቤ፣ ስለ ሰሙ ጠየቅሁ፤
ከሸክላው ሲወጣ የት ነው የሚሄደው?
«በባልዲ እቀበለዋለሁ» አለች፤ «አጣራዋለሁ።
ጠዋት መልሼ አሞቀዋለሁ።»