የጠረጴዛው ልብስ ይርጠብ

አልጋዬን አስጠጋሁት ከፍሪጁ ጎን፣
ሞተሩ ሲያንኮራፋ እንቅልፌ እንዲሆን።
ሮሳውራ፣ ሚስቴ፣ ትስቅብኛለች፤
«ሰው ሚስቱን ያቅፋል፣ አንተ ፍሪጅ» አለች።

እውነቷን ነው።
ሠላሳ አንድ ዓመት ከትራሴ ሥር
ሲያጉረመርም የሚያድር ብረት ነበር፤
ዝም ሲል ነበር የምንደነግጠው፣
ከእንቅልፉ ሰው ሁሉ ብድግ የሚለው።
የብስ ግን ዝም ትላለች።
ኢሎኢሎ ሌሊቱን ዝም ትላለች፤
አልጋዬም አትወዛወዝ፣ እንደ ድንጋይ ቆማለች።

እኔ ማካሪዮ፣ ትምህርቴን ስጠየቅ
«ቀለም ቆጥሬአለሁ» እላለሁ ሳልሳቀቅ።
የቆጠርኩት በብሩሽ ነው፣ ከባልዲ የተሞላ፣
ቀዩን ከሥር ለዝገቱ፣ ግራጫውን ከኋላ።
ከአፍንጫዋ ጀምረን ጅራቷ ስንደርስ፣
አፍንጫዋ ዝጎ ይጠብቃል እስክንመለስ።
ማን ማንን እንደጨረሰ፣ እኛ ብረቱን ወይ እሱ እኛን፣
አልለየም እስከ ዛሬ፤ ጉልበቴ ያውቅ ይሆናል ብቻውን።

ወደብን በአፍንጫዬ ነበር የማውቀው፤
መብራቱ ገና ሳይታይ ነፋስ ነው የሚነግረኝ ማን እንደሆነው።
ሞምባሳ ሻይ ሻይ፣ ሳንቶስ ስኳር ስኳር፣
አርካንጌልስክ ደግሞ በረዶ የነካው የጥድ እንጨት ነበር።
ደረቅ ኮኮነት ከዳቫኦ ስንጭን፣
ጥቁር ጥንዚዛ ወረረን፤
ከትራስ፣ ከጫማ፣ ከሾርባ ሳህን።
ወጥ ቤታችን ቤኒግኖ ፊቱ ሳይቀየር
«ቁንዶ በርበሬ ነው» ብሎን ነበር።
በላነው።

የሞተሩ አለቃ ታራስ፣ የኦዴሳው ሰው፣
ጥርስ የሌለው፣ ግን ጆሮ የተረፈው፣
ካቻቢቴውን ከብረቱ፣ እጀታውን ከጆሮው ሰክቶ
ያዳምጥ ነበር እንደ ሐኪም፣ ዓይኑን ዘግቶ።
«ሦስተኛው ሲሊንደር ጉንፋን ይዞታል» ካለ
ማንም አይከራከረው፤ በማግስቱ ሦስተኛው አሳለ።

አንድ ጊዜ ፓሲፊክን ወደ ምዕራብ ስናቋርጥ
ማክሰኞ ማታ ተኛሁ፤ ስነቃ ሐሙስ።
ረቡዕ የሚባለውን፣ አርባ የምሞላበትን፣ ባሕር በላው።
ቤኒግኖ ኬክ ጋግሮ ነበር፣ ግራ ገባው።
ካፒቴን ስታቭሮስ መነጽሩን አውርዶ
«በመዝገቡ የለም፤ ሠላሳ ዘጠኝ ነህ» አለ ፈርዶ።
እስከ ዛሬ ከእኩዮቼ በአንድ ዓመት አንሳለሁ።

ደግሞ ያቺ ወፍ።
ከየብስ ስድስት ቀን ርቀን ሳለን
ገመዱ ላይ አረፈች፤
ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ ልብ ብቻ የሆነች።
ማንም ሳያዝ መዶሻው ሁሉ ዝም አለ፤
ሃያ ሁለት ወንድ በጣቱ ጫፍ ሲራመድ ዋለ።
ውሃ በጠርሙስ ክዳን፣ ሩዝ በመዳፍ።
በአራተኛው ቀን የደሴት ጥላ ታየ፤
ሄደች፣
የተሳፈረችበትን ሳትከፍል፣ ደህና ሁኑ ሳትል።
ታራስ «ከሁላችንም ቀድማ ቤቷ ገባች» አለ።
ያን ማታ ዶሚኖ የተጫወተ የለም።

ባሕር የሰጠችኝን እኔ እቆጥራለሁ፤
የወሰደችውን ሮሳውራ ናት የምትቆጥረው፦
አሥራ ዘጠኝ ገና፣
የአባቴን ቀብር፣
ልጃችን ሊጋያ በሦስት ዓመቷ በሩ ላይ ቆማ
«ይህ ሰውዬ መቼ ነው ቤቱ የሚሄደው?» ያለችውን።
ሁለቱም ሂሳብ ልክ ነው።

ማዕበል ሲነሳ ቤኒግኖ
የጠረጴዛውን ልብስ በውሃ ይነክር ነበር፣
ሳህኑ እንዳይንሸራተት፣ ሾርባው ጭናችን ላይ እንዳይሰፍር።
ጡረታ የወጣሁ ሰሞን እጄ ሳያማክረኝ
የሮሳውራን የሠርግ ጨርቅ አረጠበብኝ፤
ሦስት ቀን ኮረፈችኝ።

ትናንት ማታ ግን ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
ሙዙ ከአጥሩ በላይ ሲጎብጥ፣
ተነሳች።
ማንቆርቆሪያውን አመጣች፤
ያንኑ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላ አረጠበች፤
ሳህኔን ከመሃል አስቀመጠች።
«ብላ» አለችኝ፤ «ዛሬ ነፋስ አለ።»

ፍሪጁ ማጉረምረም ጀመረ።
ቤቱ ትንሽ ያዘነበለ መሰለኝ።